ትከሻዋ ላይ ያለው እጅ

ወልቂጤ ውስጥ ቧንቧ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፉጨት ነው። ጓሮዋ ያለችውን አንድ ክፍል ያከራየችኝ ሴት ለክትፎ ቤቶች ቆጮ ታቀርባለች። ሥራዋ ያለ ውሃ አይሆንም፤ ውሃው ደግሞ በጄሪካን፣ በአህያ ጋሪ፣ ባለጋሪው ደስ ባለው ቀን ነው የሚመጣላት። ባለፈው ምርጫ ውሃ አስገባለሁ ያለውን ሰው መርጣ ነበር። ዘንድሮም ያው ሰው ያንኑ የውሃ ተስፋ ይዞ መጣ። እማማ (እንዲያ ነው የምጠራት) አልተሳደበችም፣ ስብሰባም ሄዳ አልጮኸችም። "የምርጫ ወረቀቱ ላይ እመልስለታለሁ" ብቻ አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ለመራጮች ምዝገባ ቀን ትቆጥር ጀመር።

ልትመዘገብ ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። መዝጋቢው ወጣት መምህር ነው፤ ምሳውን ለሚበላበት ክትፎ ቤት ቆጮ የምታቀርበው እሷ ናት። የቀበሌ መታወቂያዋን ገልጦ አየ። አገላብጦ አየ። አጠገቡ ለተቀመጠችው ባልደረባው አሳየ።

"እማማ፣ ፎቶው ላይ ሌላ ሰው አለ።"

"የለም፤ እኔ ነኝ።"

"እጅ አለ።"

እጅ አለ፤ አልዋሸም። ፎቶው ላይ ወጣት ሴት ቆማለች፤ ግራ ትከሻዋ ላይ የወንድ እጅ ከአንጓው ተቆርጦ ቀርቷል። ባሏ መርካቶ የሚነግድ፣ አገር ቤት በዓመት አንዴ ለመስቀል ብቻ የሚገባ ሰው ነበር። በአንዱ መስቀል ፎቶ ቤት ገብተው ጎን ለጎን ተነሱ። ኋላ ቀበሌው ፎቶ አምጡ ሲል እሷ ከዚያ በቀር ሌላ ፎቶ አልነበራትም። በምላጭ የቆረጠው ራሱ ነው። እጁን ላውጣ ቢል ትከሻዋ አብሮ ሊሄድ ሆነ፤ ተወው። ለሚቀጥለው መስቀል ሌላ እንነሳለን አላት። የሚቀጥለው መስቀል ሲደርስ እሱ አልነበረም።

መዝጋቢው የሰማው ታሪክ አላራራውም። መመሪያው የባለመታወቂያው ፎቶ ብቻ ነው የሚለው፣ የተቆረጠ ፎቶ ሐሰተኛ ሰነድ ይመስላል፣ ነገ ተጠያቂው እኔ ነኝ አለ። ባለፈው በዚሁ መታወቂያ መምረጧን ነገርኩት፤ ያለፈውን አላውቅም አለ። መታወቂያ የሌለው ሰው በምስክር ይመዘገባል ይባል የለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

"እሱ ለሌለው ነው። እሳቸው አላቸው።"

"ታዲያ ያላቸውን ተቀበላ።"

"ያላቸው ችግር አለበት።"

ከሰልፉ አንዱ፣ እጁንም መዝግበው፣ ሁለት ድምፅ ይሁንላት ብሎ ሰውን አሳቀ። እሷ አልሳቀችም። መታወቂያዋን ተቀብላ በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችው፤ ያቆሸሹባት ይመስል።

ቀበሌ ሄድን። የወረቀት መታወቂያ መንካት አቁመናል፣ ዲጂታሉን ተመዝገቡ አሉን። ዲጂታሉ ዘንድ ስንሄድ መብራት የለም።

እኔ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም የሚገዛኝ ስለሌለ ፍርድ ቤቱ በር ላይ በላስቲክ ወንበር ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። የእሷን በነፃ ጻፍኩ። መጀመሪያ የምርጫ ጣቢያው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አየው። ያው መዝጋቢው አስረዳ፣ ያችው ባልደረባው ራሷን ነቀነቀች፣ ውድቅ ሆነ። ከዚያ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይግባኝ አልን። የመዝገብ ሹሙ አንብቦ መለሰልኝና፣ "ይቺን 'የሟች እጅ ይመሰክራል' የምትለዋን አውጣት፤ ዳኛዋ አትወድም" አለኝ። አወጣኋት። ከጻፍኩት ሁሉ የምወዳት እሷን ነበር።

ዳኛዋ ከእኔ ብዙ የምትበልጥ አትመስልም። መዝጋቢው ተነስቶ፣ ፎቶው ላይ ያለችው ወጣት ናት፣ ማንም ልትሆን ትችላለች አለ። ዳኛዋ መታወቂያውን ወደ መስኮቱ አዞረችው።

"እጁ የማን ነው?"

"የባለቤቴ።"

"የት ናቸው?"

"አፈር ውስጥ።"

ዳኛዋ ሌላው ግማሽ ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። አለ። እማማ ቤት፣ ከአልጋዋ በላይ፣ አንድ እጅ የጎደለው ሰው በፍሬም ተሰቅሏል። ከሰዓት በኋላ ይዘነው ተመለስን። የችሎቱ ጸሐፊ የመታወቂያውን ስቴፕል ነቅሎ የእሷን ፎቶ አላቀቀ፤ ሁለቱን ግማሾች ካርቶን ላይ በኮላ አጋጥሞ ለጠፈና ለዳኛዋ ሰጣት። አንጓው ከእጁ ገጠመ። ከኋላቸው ያለው የፎቶ ቤት መጋረጃ፣ የተሳለበት ፏፏቴ ሳይቀር፣ ገጠመ። ፎቶው የአመልካቿ መሆኑ ተረጋግጧል፣ ትመዝገብ ተባለ። ጸሐፊው ውሳኔውን ማኅተም አድርጎ ካርቶኑንና መታወቂያውን ጨምሮ ሰጠን።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነበር። በባጃጅ በረርን። እኔ መንገድ ላይ ስንኝ እየቋጠርኩ ነበር፤ እሷ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያለች። ምን እንደምታይ ልብ አላልኩም።

መዝጋቢው ውሳኔውን በጥንቃቄ አነበበ።

"አከብራለሁ። ፎቶው የእሳቸው ነው። መታወቂያው ግን ፎቶ የለውም።"

"ይኸው ፎቶው" አልኩት፣ ካርቶኑን ከእማማ ተቀብዬ።

"ይለጠፍ። እሳቸው ብቻ።" መሳቢያውን ከፍቶ መቀስ አወጣ። በክፋት ያደረገው እንዳይመስለኝ አስቦ ይሁን፣ እጀታውን ወደ እኔ አዙሮ ነው የሰጠኝ። "እጁ ይግባ፤ ፍርድ ቤት ፈቅዶታል። ሰውየው ግን ይውጣ።"

በምስክር መዝግባት አልኩት። መታወቂያ አላቸው አለ።

መቀሱን ተቀበልኩ። እማማ ካርቶኑን ከእጄ ወሰደችው።

"ተው።"

"ሊዘጉ ነው እኮ። ሌላ ቀን የለም።"

"አንዴ ተቆርጧል።"

ስለ ውሃው አነሳሁ። ስለዚያ ሰውዬ አነሳሁ። ወረቀቱ ላይ ለመመለስ ስንት ጊዜ የጠበቅሽው አይደለም ወይ አልኳት። ሁሉንም ሰማችኝ። "አንተ ልጅ፣ ሚስት አግባና ትነግረኛለህ" አለችና ካርቶኑን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። መዝጋቢው መቀሱን ተቀብሎኝ ቀጣዩን ሰው ጠራ።

መንገድ ላይ ንዴቴን አልዋጥኩም። ያ ውሃ አስገባለሁ ባዩ ሰውዬ አሸነፈ ማለት ነው አልኳት።

"እኔ ብመርጥስ ሊሸነፍ ኖሯል?"

ይህን እያወቀች ስንት ቀን በሰልፍ፣ በቀበሌ፣ በችሎት ስትንከራተት መሰንበቷ ይበልጥ አናደደኝ። ለካስ ይሸነፋል ብላ ሳይሆን፣ ድምጿ ይቆጠር አይቆጠር ራሷ ሄዳ ልታየው ነበር የፈለገችው። አየችው። አንዲት ሴት ራሷ መሆኗን ፍርድ ቤት ወሰነላት፤ ያም ሆኖ ከባሏ ካልተላቀቀች ሰው ሆና አትጻፍም ተባለች።

ውሳኔውን ምን ላድርገው አልኳት።

"ደህና ወረቀት ነው። ጀርባው ላይ ግጥም ጻፍበት።"

ወረቀቱ እኔ ጋ ነው። ጀርባው ላይ ለመጻፍ ሞክሬአለሁ፤ የማኅተሙ ቀለም ወደዚያ በኩል አልፎ ስለወጣ ብዕሩ እየተንሸራተተ አልይዝ ይለኛል።