በአሮጌው ኮምፒውተር የቀረ ስም

ባለቤቴ ትቶት ከሄደው ዕቃ ሁሉ የምፈራው አሮጌውን ኮምፒውተር ነበር። በነጠላ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቅዬው ነበር። በእጅ የሚንጠለጠል ነው ይባላል እንጂ ከባድ ነው፤ እኔ ብቻዬን አላወርደውም። ባለቤቴ ኮሶዬ አካባቢ የእርሻ ፕሮጀክት ጸሐፊ በነበረ ጊዜ ሲሠራበት ኖሮ፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የሰጡት ነው። ጎንደር አጠገብ ወዳለችው ፀዳ ስንመጣ አብሮን መጣ። የቤተሰቡን ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ማን መቼ እንደተወለደ፣ መቼ ክርስትና እንደተነሣ፣ ማን መቼ እንደሞተ።

እኔ የምፈልገው አንድ ስም ነበር። የመጀመሪያ ልጄን የክርስትና ስም።

ያን ልጅ የወለድሁት ኮሶዬ፣ እቤታችን ነው። ከወለድሁ በኋላ ደሙ አልቆም ብሎኝ በጭነት ማኪና ጎንደር፣ ሆስፒታል አመጡኝ። ስድስት ቀን ራሴን አላውቅም ነበር። ስነቃ ልጁ የለም። ባለቤቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ልጁ ሲደክምበት አርባ ቀኑን ሳይጠብቅ ቤተ ክርስቲያን እንደወሰደው፣ ቄሱ እንዳጠመቁት፣ ከዚያ ሞቶ በቅጥሩ ውስጥ እንደተቀበረ ነገረኝ።

«ማን ተባለ?» አልሁት።

«ሲሻልሽ እነግርሻለሁ።»

ሲሻለኝም አልነገረኝ። በጠየቅሁት ቁጥር «ጽፌዋለሁ። የክርስትና ስም ዝም ብሎ አይወራም» ይለኛል። ነገሩ እውነት ነው፤ መተት የሚያደርግ ሰው ጆሮ እንዳይገባ በእኛ ዘንድ የክርስትና ስም ይደበቃል። እኔም አጥብቄ አልጠየቅሁም። ልጁ ሳይጠመቅ ሞቶ ቢሆንስ? ያልተጠመቀ ፍትሐት የለውም፣ ስሙም በጸሎት አይነሣም። ይህን ፍርሃት ለማንም ሳልናገር ወደ ሠላሳ ዓመት ኖርሁበት።

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ሴት ልጄ አረገዘች። ከዚያ ወዲህ የሕፃን ልቅሶ ይሰማኝ ጀመር። በጠራራ ፀሐይ፣ ደጅ ተቀምጬ በርበሬ ስቀነጥስ፣ ከቤት ውስጥ ይመጣል። ቀጭን ነው፣ ጉልበት የለውም። ገብቼ ሳይ ማንም የለም። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው «የሞቱባችሁን ሁሉ የክርስትና ስም ጽፈሽ አምጪልኝ፣ በጸሎት አነሣቸዋለሁ» አሉኝ። ጻፍሁ። አንድ መስመር ባዶ ቀረ።

ልጄ የቢሮ ሠራተኛ ናት፣ ኮምፒውተር ታውቃለች።

«ምነው እማዬ፣ እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» አለችኝ። ስሙን እንደምፈልግ ብቻ ነው የነገርኋት። ፍርሃቴን አልነገርኋትም። ለነፍሰ ጡር እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፕዋን በቦርሳ ይዛ መጣች። ሆዷ ሰባት ወር ሞልቶታል። አሮጌውን ጠረጴዛ ላይ አደረግነው። ባትሪው ሞቷል፤ የሚሠራው ሶኬት ላይ ሲሰካ ብቻ ነው። ስትሰካው ወደ ኋላ አልሁ።

«አይፈነዳም፣ አትፍሪ» አለች።

«አንቺም ራቅ በይ። ለሆድሽ ደግ አይደለም።»

«አንቺ እኮ ያልነቀልሽው ሶኬት የለም! ፍሪጁ ስንት ጊዜ በረዶው ቀለጠ?»

ኮምፒውተሩ ተነሣ። ከውስጡ ቀጭን ድምፅ መጣ። ባለቤቴ ሲጽፍ ከኩሽና ሆኜ እሰማው የነበረ ድምፅ ነው፤ አሁን ግን በርበሬ ስቀነጥስ ከምሰማው ጋር አንድ መሰለኝ።

አሮጌው ኮምፒውተር ፍላሽ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። የሚቀበለው ፍሎፒ የሚሉትን ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነው። ልጄ ጎንደር አራዳ ካለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ፍሎፒ የሚያነብ ዕቃ ተውሳ መጥታለች። ከባለቤቴ መሳቢያ ሦስት ፍሎፒ አገኘን። ሁለቱ ተበላሽተዋል። ሦስተኛው እየተንገጫገጨ፣ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው እያሰማ፣ ፋይሉን ተቀበለ። ከዚያ በተዋሰችው ዕቃ አድርጋ ወደ ላፕቶፕዋ ገለበጠችው።

«መጣ!» አለች። ወዲያው ደግሞ ግንባሯን ቋጠረች።

ተጠግቼ አየሁ። አንድም የሚነበብ የለም። የጥያቄ ምልክት፣ ጭረት፣ የተቆራረጠ የፈረንጅ ፊደል ገጹን ሞልቶታል።

«ምን ነካው?»

«ፋይሉ ደኅና ነው። አባዬ የጻፈበት የአማርኛ ፊደል የዱሮ ነው፣ የእኔ አያውቀውም። ያኛው ግን ያውቀዋል።» አሮጌው ላይ ከፈተችው። የባለቤቴ ጽሑፍ ጥርት ብሎ ወጣ። «ስሙን አንቺ ፈልጊና በወረቀት ገልብጪው። እኔ ለጠጋኙ ደውዬ መላ ካለው ልጠይቀው» ብላ ኔትወርክ ፍለጋ ደጅ ወጣች።

እኔ የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የማነበው በጣቴ እየተከተልሁ ነው። የእናቱ ስም፣ የአባቱ፣ የወንድሙ። ቀጥሎ የልጆቻችን። የመጀመሪያው ልጅ የዓለም ስም አለው። ባለቤቴ ስም አውጥቶለት ኖሯል፤ አልነገረኝም። የክርስትና ስም በሚለው ቦታ ጭረት ብቻ አለ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ከቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ በእጄ ላይ ዐረፈ። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከወይራው ሥር ቀበርሁት። ለእናቱ ተጠምቋል አልኋት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ደግሜ አነበብሁት። ያው ነው።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ያን ቤተ ክርስቲያን ልንሳለም ስንሄድ እኔ ገብቼ እሱ ያሳየኝን መሬት እስማለሁ፤ እሱ ከወይራው ሥር አይነሣም ነበር። ፀሐዩ ከበደኝ ይለኛል። በክረምትም እንዲሁ ይለኝ ነበር።

የልጄ ኮቴ ተሰማኝ። ገመዱን ይዤ ነቀልሁት። ያ ቀጭን ድምፅ እየወረደ፣ እየወረደ ጠፋ።

«ምነው ነቀልሽው!»

«የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ።»

«አይ እማዬ! ስሙንስ አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«ማን ነው?»

«የክርስትና ስም ዝም ብሎ አይወራም» አልሁ። ከአፌ የወጣው የእሱ ቃል ነበር።

«አሁን ለሞተ ልጅ ምን መተት ይደርስበታል?» ብላ ሳቀች፣ ሆዷን እየደባበሰች። እኔ ምንም ያልተጻፈበትን ወረቀት አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትሁት። አሮጌውን መልሳ ብትሰካው አልነሣ አለ። ዳግመኛም አልተነሣ።

ለንስሐ አባቴ እውነቱን ነገርኋቸው። «እሱን ለፈጠረው ተዪው» አሉኝ። ከዚያ ኮሶዬ፣ ወደ ወይራው ሄድሁ። ሥሩ ተቀምጬ ልጄን አባቱ ባወጣለት ስም ጠራሁት። ልቅሶው የሚተወኝ መስሎኝ ነበር፤ አልተወኝም።

ልጄ ወንድ ወለደች። ለአራስነቷ እኔ ዘንድ ናት። ዛሬ ሕፃኑ ሃያ ሦስት ቀኑ ነው። ልቅሶ ሰምቼ እሮጣለሁ፤ ደርሼ ሳየው ተኝቷል። ጆሮዬን አፍንጫው ላይ አድርጌ ትንፋሹን እሰማለሁ። አሁኑኑ እናስጠምቀው ብላት «ምነው እማዬ፣ ሸጋ ልጅ አይደለም እንዴ? አርባ ቀኑን ይጠብቅ እንጂ» አለችኝ።

ትናንት ደግሞ እያጠባች፣ «ጠጋኙ ደወለ። የዱሮውን ፊደል የሚመልስ ሰው አግኝቷል። አባዬ ስለ እኔ የጻፈውን ማንበብ አማረኝ። ፋይሉን ከላፕቶፑ ወደ ፍላሽ አዛውሬዋለሁ፣ ሌላ ቅጂ የለኝም። ልላክለት?» አለችኝ።

ፍላሹ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፣ አጠገቤ። አንስቼ ምድጃ ብከተው ማንም አያየኝም። የሕፃኑ ደረት ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ።

«ከአርባው ቀን በኋላ ላኪለት» አልኋት።

«እስከዚያ ምን ያስጠብቀዋል?»

«ልጁ ይጠመቅ። ከዚያ ላኪለትና አብረን እናነበዋለን።»