የቀኝ የኋላ ጎማ

ደምለው ፈሪ ነው። እሱም አይክደውም። ደብረ ማርቆስ ጋራዡ ደጃፍ የሚሰበሰቡት ሲያላግጡበት «ፈሪ ለእናቱ» ይልና ሥራውን ይቀጥላል። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው መኪና ሲጠግን ራሱ መሪ አልጨበጠም፤ የዓባይንም ቁልቁለት አንድ ቀን ወርዶት አያውቅም። ታዲያ ሾፌሮች ረጅም መንገድ ሲያስቡ ወደ ሌላ አይሄዱም። ፈሪ መካኒክ ሁሉን ሁለት ጊዜ ያያል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ አይደል የሚባለው።

ያን ሰሞን የሾፌር አንለይ አሮጌ አውቶብስ ለደብረ ሊባኖስ ጉዞ ተሰናዳች። ተሳላሚዎቹ አራት ሌሊት እዚያው ውስጧ ሊያድሩ ነው፤ የኋላ ወንበሮቿ ተነቅለው ፍራሽ ተነጥፏል፣ ጣሪያዋ ላይ ድስትና ጀሪካን ተጭኗል። ቤት ከነጓዙ ማለት ነው። ከተሳላሚዎቹ አንዷ የደምለው ሚስት የብርጓል ነበረች። ስለዚህ ደምለው ሁለት ቀን ሙሉ ከአውቶብሷ ሥር አልወጣም፤ ዘይቷን ቀየረ፣ የራዲያተሯን ውሃ ሞላ፣ የፍሬን ሸራዋን አዲስ አደረገ። ለመነሻው ጠዋት የቀረው የቀኝ የኋላ ጎማ ብቻ ነበር።

ልማዱ እንዲህ ነው፦ ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጁ ያስይዛል፣ ክሪኩን ያወርዳል፣ ጎማው መሬት ሲረግጥ መፍቻው ላይ ቆሞ ያጠብቃቸዋል። ክሪኩን አውርዶ መፍቻውን ሲያነሣ አባ ወልደ ሚካኤል መስቀልና ጸበል ይዘው ደረሱ። ቄስ ጸሎት ሲጀምር ብረት የሚያንኳኳ የጎጃም ሰው ደግሞ የት ይገኛል? ደምለው መፍቻውን መሬት አስቀምጦ ቆቡን አወለቀ። አባ ጸሎት አድርሰው አውቶብሷን ዞረው ረጩ፣ እሱንም ረጩት፣ መስቀል አሳለሙት። እልል ተባለ፣ ተሳፈሩ፣ ሄዱ። እሱም እጁን እያውለበለበ ሸኛቸው።

ዕቃውን ሊሰበስብ ሲመለስ መፍቻውን እዚያው አገኘው፤ ጸበሉ እንኳ አልደረቀበትም። ክው አለ። አጥብቄያለሁ? አላጠበቅሁም። አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

አንለይ ጋ ደወለ፤ ዝግ ነው። የብርጓልም ዝግ ነው። የመንገዱ ጸሎት እስኪያልቅ ስልክ አይከፈትም ተብለው ነበር። ደጀን የሚያውቀው ሰው የለውም፤ ከደጀን በታች ደግሞ ዓባይ አለ። ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልፈለገም። ጥቂት ብሎን ኪሱ ከትቶ ሞተር ሳይክል ወዳለው ጎረቤቱ ወደ አበረ ሮጠ።

«ደጀን አድርሰኝ፤ አሁኑኑ።»

«ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል» አለ አበረ።

«መንገድ ላይ እነግርሃለሁ።»

አልነገረውም። መፍቻውን ጉያው ሸጉጦ፣ በየመታጠፊያው ዓይኑን እየጨፈነ፣ ማርያም ማርያም እያለ ሄደ። ሰው ተሰብስቦ ባየ ቁጥር አውቶብሷ የተገለበጠች ይመስለዋል፤ ገበያተኛ ሆኖ ሲያገኘው ነፍሱ መለስ ትላለች።

ደጀን ላይ አውቶብሷ ቆማለች። አንለይ ቁልቁለቱን ሳይጀምር ሻይ ይጠጣል፤ ተሳላሚዎቹ ውስጥ ሆነው ይዘምራሉ። ደምለው ሰላም እንኳ ሳይል ጎማው ሥር ተንበረከከ። ከስምንቱ ብሎኖች ሁለቱ የሉም። የቀሩት በጣት ይዞራሉ።

አንለይ ብርጭቆውን እንደያዘ መጥቶ ከላዩ ቆመ። ደምለው መዋሸት ይችል ነበር።

«አላጠበቅሁትም» አለ ቀና ሳይል። «አባ ሲመጡ ተውሁት፤ ከዚያ ረሳሁት።»

አንለይ ሻዩን መሬት ላይ ደፋው። ደምለው ጎዶሎውን ከኪሱ ሞላ፣ መፍቻው ላይ ቆሞ ስምንቱንም አጠበቀ፣ አንድ በአንድ እንደገና ፈተሻቸው።

«ጨረስህ?»

«ጨረስሁ።»

«እንግዲያው ግባ። አብረኸን ትወርዳለህ።»

መፍቻውን ለአበረ ሰጠው። ገብቶ ፍራሹ ላይ ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ። የብርጓል ናፍቃው የተከተላት መስሏት ሳቀች። አውቶብሷ ወደ ቁልቁለቱ ስታዘነብል ጆሮውን ወደ ቀኝ የኋላ ጎማ ጥሎ ፍራሹን ጨምድዶ ያዘ። እሷ ገደሉን የፈራ መሰላት። እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አይዞህ የኔ ጌታ» አለችው ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ። «ምን ያስፈራሃል? አንተ የሠራሃት መኪና እኮ ናት።»