ሳስተረጉም ያጣመምኩት ጥያቄ

ይህ የሆነው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ከሰቆጣ ወዲያ ባለው ዝቋላ ውስጥ፣ በትውልድ መንደሬ ነው። ብዙ ነገር ከትዝታዬ ሲጠፋ ይህ አልጠፋ ያለኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነና እስከ ዛሬ ያወቀብኝ ሰው ስለሌለ ይመስለኛል።

ሰቆጣ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ነበር። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የተላኩ ሁለት ሰዎች ወረቀት ይዘው መጡ። ትምህርት ቤት ይቅደም ወይስ ጤና ጣቢያ? የሕዝቡን ፍላጎት ቤት ለቤት ሊመዘግቡ ነው። አማርኛ የማይሰማው ብዙ ስለነበር እኔን አስተርጓሚ አደረጉኝ።

ትምህርት ቤት ከተከፈተ ለአስተማሪነት የሚፈለገው እኔ እንደምሆን ገባኝ። በመንደሩ ስምንተኛን የጨረሰ ሌላ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄውን እንዳለ አላቀረብኩትም። በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ «ልጆቻችሁ እንደኔ ቢማሩ አትወዱም?» እያልኩ ጠየቅሁ። አልወድም የሚል ማን አለ? ስለ ጤና ጣቢያው ትንፍሽ አላልኩም። መዝጋቢው ሰውዬም «ትምህርት ቤት» እያለ ጻፈ።

ጎረቤታችን እቴ ብርቄ ብቻ አልተታለለችልኝም። ከልጆቿ ሁለቱ ገና ሲወለዱ ሞተውባታል።

«ትምህርቱ ይደርሳል። መጀመሪያ ምጥ ለያዛት የሚደርስ ሰው ይምጣልን በላቸው» አለችኝ።

ሰውየው ብዕሩን እንደያዘ «ምን አለች?» ሲል ጠየቀኝ።

«እሷም ትምህርት ቤት ትላለች» አልኩት፤ እሷ አማርኛ አትሰማም።

ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ እኔም ተቀጠርኩ። በሁለተኛው ዓመት እቴ ብርቄን ምጥ ጠናባት። በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ሰቆጣ ጉዞ ጀመርን። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ፣ ገደል አፋፍ ላይ ወለደች። ሕፃኑ አልተነፈሰም።

ስንመለስ ከቃሬዛው ላይ ሆና አየችኝ።

«ያን ጊዜ የነገርኩህን ሰዎቹ ረስተውት ይሆን?»

እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር።

«ረስተውት ይሆናል፣ እቴ» አልኳት።

«አንተስ ነግረህልኝ ነበር። እግዜር ይስጥህ» አለችኝ።

አሁን እሷ በሕይወት የለችም። አንዲት ሴት ልጇ ግን ተማሪዬ ነበረች፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆናለች። ባገኘችኝ ቁጥር ጎንበስ ብላ «እናቴ እርስዎን ሳትመርቅ ውላ አታድርም ነበር» ትለኛለች። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። ፊት ለፊት ልነግራት ስንት ጊዜ አስቤ ተውኩት። ይህን የጻፍኩትም ምናልባት ታነብበው ይሆናል ብዬ ነው።