ዘቅዝቃ የለበሰችው ነጠላ

ታናሽ እህቴ ጣሊያን አገር፣ ሮማ ድረስ የሄደችው ልብስ ለብሳ ለመታየት ነው። ዛሬ ሞዴል ይሉታል። ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ሥራ ስም አልነበረንም፤ ሥራ ነው ብሎ የሚያምንም አልነበረም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እህቴ ከባሏ ተፋትታ ልጇን ይዛ እኔና እናቴ ጋ ተመልሳ ስለነበር የሴት ቀሚስ ስሰፋ የምለካው በእሷ ላይ ነበር። ረጅምና ቀጥ ያለች ነበረች፤ መርፌ ቢወጋትም አትነቃነቅም። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ አክስታችን ጋ ክርስትና ሄዳ ሳለ፣ የሀገር ልብስ የምታሰፋ አንዲት ባለሱቅ አየቻትና ቀሚሶቿን ፈረንጅ አገር ወስዳ እንድታሳይላት ጠየቀቻት። እኔ ጋ ስትቆም የኖረችውን ሮማ ላይ ልትቆመው ነው።

«ልጄን እስክመለስ ያዝልኝ፣ ጋሼ» አለችኝ። «ስድስት ወር ብቻ ነው።»

«አንቺ ገላሽን ለፈረንጅ ልታሳዪ ስትሄጂ እኔ ልጅሽን ላሳድግ? አልፈልጋትም!»

ይህን ያልኩት ልጅቷ አጠገባችን ቆማ ነው። አሁን ላለሳልሰው አልሞክርም፤ ብያለሁ። እናቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። እህቴም የልጇን እጅ ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች። ልጅቷን ለአክስታችን ሰጥታ ሄደች።

በአራተኛው ወር ደብዳቤ መጣ። ከፖስታ ቤት ተቀብዬ ለእናቴ አመጣሁላት። እኔም እሷም ማንበብ አንችልም፤ በመቀሴ ጫፉን ቆረጥኩና ከፈትኩት። መጀመሪያ ፎቶግራፍ ወደቀ። እናቴ አንስታ ወደ በሩ ብርሃን ይዛው ሄደች።

«ነጠላዋን ዘቅዝቃለች» አለች።

እኔም አየሁት። እህቴ በትልቅ ደረጃ ላይ ቆማለች፤ የነጠላው ጥለት ወደ ላይ ዞሮ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። እኛ አገር ሴት ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ ከለበሰች ሰው ሞቶባታል ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

«ለማን ነው?» አልኳት።

«ለማን ይሆናል? ባል የላትም። አባቷን ከቀበርን ስንት ዘመናችን። ልጇ ናት እንጂ!»

ለሰፈሩ ደብዳቤ የሚያነቡት መሪጌታ ጋ ሮጬ ላስነብበው ብዬ ብድግ ስል ክንዴን ያዘችኝ። «መርዶ በቀትር አይነገርም። ነገ በማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ይነበባል። እንደ ሰው ወግ ላልቅስላት።»

ያን ቀን ደብዳቤውን በኮቴ ኪስ ይዤ ዋልኩ። የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እያወጣሁ አየዋለሁ፤ መልሼ እከተዋለሁ። ከፊደሎቹ አንዱ የልጅቷ ስም ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። መንገደኛ ማስቆም እችል ነበር፤ ግን ያነበበልኝ ሰው መርዶ ነጋሪ ሊሆን ነው፣ ማንን እንዲህ አድርጌ አስቸግራለሁ? በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ ሀ ሁ ያልኩት በዚያ ቀን ምክንያት ነው። ሰዎች ለትምህርት ያለኝን ፍቅር ያደንቁልኛል። ፍቅር አልነበረም፤ ውርደት ነው።

ልጅቷ ከእኛ ጋር ሳለች ቁርጥራጭ ጨርቅ አንጥፋ ከመኪናዬ ሥር ትተኛ ነበር። መዘውሩን ትነካለች፤ እጇን እመታታለሁ፤ ትስበዋለች። ትንሽ ቆይታ ያንኑ እጅ ቀስ አድርጋ ትመልሰዋለች፤ በዓይኗ እኔን እኔን እያየች። ቀኑን ሙሉ ያ እጅ ነው የታየኝ። እኔ ጋ ብትቀር ኖሮ አትሞትም ነበር አልኩ። ማንም ሳይከሰኝ በራሴ ላይ ፈረድኩ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ጎረቤቱ ንፍሮውን ይዞ ሞላ። ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት ጀምረዋል። መሪጌታው መነጽራቸውን አድርገው፣ ተነሥተው ቆመው፣ ከላይ ጀመሩ፤ «ለምወድሽ እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን...»

«ሰላምታውን ይለፉት፣ መሪጌታ!» አለች እናቴ።

«እንዴት አልፈዋለሁ፣ እሜቴ፣ ተጽፎ!»

ላባቸው ጠብ እስኪል የጎረቤቱን ሁሉ ሰላምታ በየስሙ አነበቡ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ፎቶውን ለእማ ከማሳየታችሁ በፊት ይህን አንብቡላት። ነጠላውን እንዲህ ያለበሰኝ ፎቶ አንሺው ነው፤ አንገትሽ ላይ ያምራል አለ። የሐዘን ነው ብዬ ብነግረውም ቋንቋዬን አልሰማም። ሌላ ፎቶ ስላልሰጡኝ ነው ይህን የላክሁት። ልጄ ደህና ናት፤ የፊት ጥርሷ ወለቀ ብላ አክስቴ አስጽፋልኛለች።»

ሴቶቹ እጃቸውን ከደረታቸው ላይ አወረዱ።

«እና እኔ ደረቴን በከንቱ ደቃሁት?» አለች አንዲት ጎረቤታችን።

«ለሌላ ቀን ይያዝልሻል» አላት ባሏ። ሳቁም እልልታውም አንድ ላይ ፈነዳ፤ የለቅሶውን ንፍሮ እየሳቁ ጨረሱት።

እናቴ ግን አልሳቀችም። «ወረቀት ነው» አለች። «በዓይኔ ካላየኋት አላምንም።»

በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ተሳፈርን። ከደጀን ወደ ዓባይ ቁልቁል ስንወርድ ዓይኗን ጨፍና ድንግልን ትማጸን ነበር። በሕይወቷ መኪና ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው።

አክስታችን ቤት በሩን የከፈተችው ራሷ ልጅቷ ናት። እናቴ መሬት ላይ ተንበርክካ አቀፈቻት፤ የልጅቷን አፍ ከፍታ የወለቀውን ጥርስ ቦታ አየች፤ ያኔ ነው ያለቀሰችው። ልጅቷ በእናቴ ትከሻ ላይ አሻግራ እኔን ትመለከታለች።

«እርስዎ ነዎት አልፈልጋትም ያሉት?»

«አዎ» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ልወስድሽ ነው የመጣሁት። እናትሽ እስክትመጣ። እሺ ካልሽ።»

ምላሷን በጥርሷ ክፍተት እያወጣች አሰበች። እኔ እንደ ተከሳሽ ቆሜያለሁ።

«በመስኮቱ በኩል የምቀመጠው እኔ ነኝ» አለች።

አክስታችን ጉልበቷ ደክሞ ነበርና አልከለከለችንም። በመልሱ አውቶቡሱ ሰው ሞልቶት ስለነበር መስኮቱ አጠገብ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ገደሉን እያየች ሄደች፤ ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት። ደጀን ስንደርስ እግሬ ደንዝዞ የእኔ አልመስል ብሎኛል። አልተነቃነቅሁም።