በቀይ የሰረዝኳት መስተዋድድ

ደብረ ብርሃን ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በነዚህ ዓመታት ከምንም በላይ የለመድኩት የተማሪዎቼን ስሕተት ነው። ግሱን ሸምድደው ይመጣሉ። "ጎ" በኃላፊ ጊዜ ሲሆን "ዌንት"፣ "ሲት" ደግሞ "ሳት" እንደሚሆን ከእንቅልፋቸው ብትቀሰቅሷቸውም ይመልሳሉ። የሚያስቸግራቸው ከግሱ ቀጥላ የምትመጣዋ ትንሽ ቃል ናት። የኛ "በ" ብቻዋን ስንት ሥራ ትሠራለች፤ በቤት፣ በአውቶቡስ፣ በእጅ፣ በጠዋት እንላለን። እንግሊዝኛው ለያንዳንዱ ሌላ መስተዋድድ ይፈልጋል። ስለዚህ ተማሪዎቼ ግሱን ደህና አድርገው ወደ ኃላፊ ጊዜ ይለውጡና መስተዋድዱ ላይ ይሳሳታሉ። እኔም ብሆን ዝርዝሩን የያዝኩት በሽምደዳ ነው፤ ይህን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ከገና በዓል ሲመለሱ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን በበዓሉ ሰሞን ያዩትን ነገር በአንድ ገጽ ጽፈው እንዲያመጡ አዘዝኳቸው። ብዙዎቹ የጻፉት እንደጠበቅኩት ነበር። አንዷ ግን ከአንኮበር መጥታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ እጇን አውጥታ የማታውቅ ዝምተኛ ልጅ፣ ስለ አንዲት ትንሽ ወፍ ጻፈች። ወፏ ከገደሉ አፋፍ በላይ በረረች፤ ከቋጥኙ ጀርባ ተሰወረች፤ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች፤ በመጨረሻ ከስልክ ሽቦው ላይ ተነስታ ሄደች ይላል። ያለፈው ግስ ሁሉ መስተዋድዱን ይዞ፣ ልክ የለመደው ቦታ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ተቀምጧል።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ጠረጠርኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሽቦው ተነሳች ለማለት "ፍሉ ኦፍ" ብላ ጽፋለች። ቢያንስ አንድ ስሕተት አገኘሁባት ብዬ "ኦፍ"ን በቀይ ሰረዝኩና ከላዩ "ፍሮም" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ዓረፍተ ነገሮቿን አንድ ባንድ ፈለግኩ። የትም የሉም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ፤ ያልተገለበጠ ከሆነ ኤአይ ጽፎላታል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ አስነሳኋት። እስክሪብቶዬን መጽሐፍ ሥር ከተትኩና ምን እንዳደረግኩ በእንግሊዝኛ ንገሪኝ አልኳት። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው ጣልኩና አሁንስ አልኳት። አሁንም ዝም። ዝምታዋን እንደ እምነት ቃል ቆጠርኩት። ዜሮ ሰጠኋትና እስከ ዓርብ አባትሽን ይዘሽ ነይ አልኳት።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነገሩን ሳወራ አማርኛ የምታስተምር አንዲት ባልደረባዬ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባትም፤ ግን ልጅቷ ጽፋ የሰረዘቻቸውንና የደለዘቻቸውን ቃላት ስታይ ቆየች።

"ከራሱ ጋር የሚከራከር ሰው ነው እንዲህ የሚሰርዝ" አለችኝ። "በደንብ ሲጽፉ የምትጠረጥራቸው ከሆነ ምን ልታስተምራቸው ነው የምትገባው?"

ወረቀቱን ተቀብያት ወጣሁ። ዓርብ አባትየው አልመጡም። ልጅቷን ስጠይቃት እንግዶች ስላሉባቸው ነው አለች። ገበሬ ነው ያለችኝ ሰው ሳምንቱን ሙሉ የሚያስቀር ምን እንግዳ አለበት? አሁን ደግሞ ውሸት ጨመረች አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ አንኮበር ሄድኩ።

አንኮበር ጉም ውጧት ነበር። ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። እናትየው በር ላይ ስታየኝና የልጅሽ አስተማሪ ነኝ ስላት ፊቷ ተለወጠ።

"ልጄ ደህና ናት?" አለችኝ፣ ጤና ይስጥልኝም ሳትል።

ደህና ናት አልኳት። ባለቤቷ ወፍ ከሚያዩ ፈረንጆች ጋር ገደሉ አፋፍ ላይ መሆናቸውን ነገረችኝና አስገባችኝ። ጠጣ ብላ ጠላ ብታቀርብልኝም ዓይኗን ከላዬ አላነሳችም። ቆይተው አባትየው መጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፤ አንገታቸው ላይ የሩቅ ማያ መነጽር ተንጠልጥሏል። ሰላምታ ሰጡኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። እኔ ስለ ዜሮው ከየት እንደምጀምር ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ።

"መምህር፣ ልጄ ያጠፋችው ነገር ካለ ይንገሩኝ። ካላጠፋች ግን ብቻዎን እስከዚህ ድረስ ምን ፈልገው መጡ?"

ነገሩ ያኔ ገባኝ። አንድ ወንድ አስተማሪ፣ ወላጆቿ ርቀው፣ በሰው ከተማ ለምትኖር ተማሪው ሲል ተራራ አቋርጦ መጥቷል። እናትየው ለምን እንደዚያ እንዳየችኝም ገባኝ። ቶሎ ብዬ ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁና ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ይህን እንግሊዝኛ እሷ ጻፈችው ብዬ ማመን እንዳቃተኝም ጭምር።

አባትየው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተነስተው በፌስታል የተጠቀለሉ ደብተሮች አመጡ። ሰባት ናቸው። ገለጥኳቸው። እንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉ ግን የኛ ነው። "ፍሉ ኦቨር ዘ ክሊፍ።" "ዌንት ኢንቱ ዘ ቡሽ።" "ሳት ኦን ዘ ሮክ።" ገጽ ሙሉ፣ ደብተር ሙሉ። ከሥሩ በሌላ ቀለም፣ በልጅ እጅ፣ ያው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። የእጅ ጽሑፏን አወቅኩት።

እሳቸው የተማሩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ወፍ ፈልገው የሚመጡ እንግዶችን ገደሉን ማዞር ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። እንግዶቹ ሲመሽ ተሰብስበው የት ምን እንዳዩ ይተራረካሉ፤ እሳቸው ደግሞ ጆሯቸው የያዘውን ይጽፋሉ። ልጅቷ ፊደል ከቆጠረች ጀምሮ መዝገበ ቃላት ይዛ በእንግሊዝኛ ፊደል ትገለብጥላቸዋለች፤ እሳቸውም ከሷ እያዩ ማንበብ ለምደዋል።

"ወፏ ሁልጊዜ ከሄደች በኋላ ነው የሚያወሩት" አሉኝ። "ስለዚህ ነገራቸው ሁሉ ያለፈ ነው። በየት በኩል እንደሄደች ካልተናገሩ ደግሞ ማንም አያምናቸውም።"

ከዚያ ጣታቸውን ቀዩ ሰረዝ ላይ አሳረፉ። "ይችን የሰረዟት እርስዎ ነዎት?"

አዎ አልኩ።

"እኔ እንግዲህ አልተማርኩም። እንደገባኝ ግን 'ፍሮም' ሲሉ ከየት እንደመጣች ነው የሚነግሩኝ። 'ኦፍ' ሲሉ ተቀምጣ ከነበረችበት ላይ ብድግ አለች ነው። እንደዚያ ሲሉ ቶሎ ወደ ላይ ነው የማየው። ተሳስቼ ይሆን?"

አልተሳሳቱም። ይህንኑ ነገርኳቸው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ተቀበሉኝ፤ ሆኖም እስከ መኪናው ድረስ ሲሸኙኝ ልጃቸውን ከትምህርት ሰዓት ውጪ እንዳላነጋግራት በትሕትና ነገሩኝ። ቃሌን ሰጠሁ።

ሰኞ ክፍሉ ፊት ቆሜ ተሳስቼ ነበር አልኩ፤ የጻፈችው የራሷ እንደሆነ፣ ያረምኩባትም ቃል ትክክል እንደነበረ ተናገርኩ። ሙሉ ውጤቷን መለስኩላት። አመሰገነችኝና ተቀመጠች። በዚህ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ወር ሌላ ጽሑፍ አዘዝኩ። የሷ ሲደርሰኝ ግማሽ ገጽ ነው። ገበያ ሄድኩ፣ ቲማቲም ገዛሁ፣ ቤት ተመለስኩ ይላል። ሦስት ቦታ ላይ መስተዋድዱ ተሳስቷል፤ ያውም ክፍሉ በሙሉ የሚሳሳተውን ስሕተት። አንድ በአንድ አየኋቸው። ሆን ብላ ነው የሚል ጥርጣሬ ያዘኝ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል፣ ጓደኞቿ ባሉበት፣ ወንበሯ አጠገብ ሄጄ ምነው ብዬ ጠየቅኳት።

"ቲቸር፣ ሰው ሁሉ እንደሚጽፈው ነው የጻፍኩት" አለችኝ።

ዓይኔን ቀና ብላ አላየችም። ስሕተቶቹን ባላርማቸው አውቄብሻለሁ ማለት ይሆናል፤ ባርማቸው ደግሞ ተታለልኩልሽ ማለት ነው። በመጨረሻ አረምኳቸው። ዓመቱ እስኪያልቅ እንደዚያው ቀጠለች፤ ለኔ የጻፈችው አንድም ወፍ አልነበረበትም። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታ ሌላ አስተማሪ ያስተምራታል። እሱ ጎበዝ ናት ይለኛል።

ከጥቂት ሳምንት በፊት አባትየው ደወሉልኝ። ስልክ ቁጥሬን የሰጠኋቸው አንኮበር የሄድኩ ዕለት ነበር፤ ይደውላሉ ብዬ ግን አልጠበቅኩም። ልጅቷ አንድ ነገር ሆና ይሆን ብዬ ሰጋሁ። እሳቸው ግን አንዲት ፈረንጅ እንግዳ ስላየቻት ወፍ "ኬም አክሮስ" ብላ አውርታ ኖሯል፤ ግሱ መጣች ነው፣ ተከታዩ ማቋረጥ ነው፣ ሴትዮዋ ግን ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም፤ ታዲያ ምን ማለቷ ነው ብለው ጠየቁኝ።

ሳታስበው አገኘችው ማለት ነው አልኳቸው።

"እርግጠኛ ነዎት?" አሉኝ።

እርግጠኛ ነኝ ልል ነበር። መዝገበ ቃላት አይቼ መልሼ ልደውልልዎት አልኳቸው።