አንቱታ የነሳኋቸው ሽማግሌ

ደባርቅ ላይ የያዙኝ ከክፍል ስወጣ ነው፤ ጠመኔው እንኳ ከእጄ አልወረደም። የታሪክ መምህር ነኝ። «የቀድሞ መሪዎችን በዘመናቸው ሚዛን እንያቸው» ማለቴ ያለፈውን ሥርዓት እንደ ማወደስ ተቆጠረብኝ። ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ዛሬም ገብስ ገብስ ይሸታል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ውስጥ አንድ ሽማግሌ ብቻ አገኘሁ። ልጃቸው ጫካ ገብቷል ተብሎ በእሱ ፈንታ የታሰሩ ናቸው። ጋቢያቸውን አካፈሉኝ። እኔም አንቱ እያልኩ፣ ስንቄ ሲመጣ እጃቸውን እያስታጠብኩ አራት ቀን ኖርን።

በአምስተኛው ቀን የታሰርኩበትን ምክንያት ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። እሳቸውም በወታደሮቹ መንግሥት ጊዜ ዳባት አጠገብ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር እንደነበሩ፣ ብዙ የእስር ወረቀት እንደፈረሙ አወጉኝ።

ታላቅ ወንድሜ የተወሰደው ከዚያ ነው፤ እኔ ገና ፊደል ስቆጥር። ስሙን ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ።

«መምህር፣ ዘመኑ እንዲያ ነበር» አሉ።

የት እንደተቀበረ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ፈርሜ ሰጠሁ እንጂ፣ የት እንደጣሉት አልጠየቅሁም።»

እናቴ ሬሳውን ስጡኝ እያለች እስር ቤቱ ደጅ ላይ ሁለት ክረምት ቆማለች። ሬሳውን ሳላይ ፍትሐት አላስፈታም እንዳለች ሞተች። እሷም እኮ የዚያው ዘመን ሰው ነበረች። እሷ የጠየቀችውን ይህ ሰውዬ መጠየቅ እንዴት አቃተው?

«አንተ» አልኩት። በእኛ አገር የአባትን እኩያ አንተ ማለት ከጥፊ ይብሳል። ሽማግሌው አንገቱን ደፋ።

ምሳ ሲመጣ ወደ ማዕዱ አልቀረበም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ። አንድ ጎርሼ እጄን ሰበሰብኩ። ይቅር አላልኩም፤ ግን ሽማግሌ አስርቤ መብላት እናቴ አላስተማረችኝም። ጆጉን አንስቼ ተነሳሁ።

«ይታጠቡ» አልኳቸው።

እጃቸውን ለውሃው ዘረጉ። ቀና ሳይሉ፣ «የወንድምህ የክርስትና ስሙ ማነው? በጸሎት እንዳስበው» አሉኝ።

አላውቀውም። የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ተፈትቼ ወደ ማስተማሩ ተመልሻለሁ። ስለዚያ ዘመን ሳስተምር አሁን የምጀምረው ደጅ ላይ ከቆመችው ሴት ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ግን ወንድሜን ማን ብዬ እንደማስጠራው አላውቅም።