ወንድሜን ያላበው ቀን

እናቴ ሐኪም አልነበረችም። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ግን ምች የመታው፣ ወገቡ የተያዘ፣ ወልዳ ሰውነቷ አልጠና ያላት ሁሉ የሚመጣው እሷ ዘንድ ነበር። መድኃኒቷ አንድ ነው፤ ላብ። ለአራስና ለወገብ ሕመም፣ ጓሮ በቆፈረችው ጉድጓድ የወይባ እንጨት ታጨስና ሴቲቱን በጋቢ ሸፍና ጢሱ ላይ ታስቀምጣታለች። ለጉንፋንና ለትኩሳት ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ዳማከሴ በትልቅ ድስት አፍልታ በሽተኛውን ከነድስቱ ትከድነዋለች። ከጋቢው ውስጥ «አፈንሽኝ! ወላሂ ሞትኩ!» የሚል ጩኸት ሲመጣ የጋቢውን ጫፍ በእግሯ ረግጣ፣ «የሞተ ሰው አይጮህም፤ ትንሽ ታገስ» ትላለች። ላብ የበሽታ በር ነው ባይ ናት። በሩን ካልከፈቱለት በየት ይውጣ?

ይህን የምጽፈው ላብን ላማ አይደለም። እኔም እስከ ዛሬ ወገቤን ሲይዘኝ ወይባ እሞቃለሁ። ከጢሱ ስወጣ መገጣጠሚያዬ ይፈታል፣ ቆዳዬ ይለሰልሳል፣ እንቅልፍ እንደ ልጅነቴ ይወስደኛል። በእናቴ እጅ አልቦት የዳነውን ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ታሪኩ ያልዳነው ላይ ነው።

እናቴ አንድ የማትሽረው ሕግ ነበራት። ላብ የጠጣ ጋቢ ቤት ውስጥ አያድርም። ካደረ በሽታው ተመልሶ ባለቤቱን ይፈልጋል። ስለዚህ ላቡ እንደ ወጣ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጋቢው በመንገዱ በኩል ባለው አጥር ላይ ይሰጣል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ይውሰደው ብላ ነው። የሰፈሩ ሰው አጥራችን ላይ ጋቢ ካየ አንድ ሰው መዳኑን ያውቃል። እስላሙም «እንኳን አላህ ማረላችሁ!» ክርስቲያኑም «እግዜር እንኳን ማረላችሁ!» እያለ ያልፋል።

ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ቦርከና ወንዝ ዳር ክፍል ተከራይቶ ያድራል። «ቢምቢው እኮ ተሸክሞ ሊወስደኝ ነው፤ ክብደቴ ነው ያዳነኝ» እያለ ያስቀን ነበር፤ ሰውነቱ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ ልጅ። አንድ ቀን የጋራዡ ባለቤት በጭነት መኪና አሳፍሮ ላከልን። የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ተንቀጥቅጦ፣ ደሴ ሲደርስ ጥርሱ ይጋጭ ነበር።

«የደሴ ብርድ ነው፤ ቆላ ለምዶ» አለች እናቴ። እጇን ግንባሩ ላይ ስታሳርፍ ግን ፊቷ ተለወጠ።

ያን ጊዜ ቀበሌዎች ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይሰበስባሉ። መሰብሰብ ይባል እንጂ አፈሳ ነበር። ከገበያ፣ ከአውቶቡስ፣ ከሠርግ ቤት ሳይቀር ይታፈሳል። ከሰፈራችን ወደ ሰሜን ከሄዱት ልጆች ደህና ነኝ የሚል ቃል የመጣለት ቤት ጥቂት ነው። ወንድሜን ሐኪም ቤት እንዳንወስደው መንገዱ ሁሉ ወጥመድ ሆነብን። እቤት አስተኛነው።

ግን ወሬ እግር አለው። የሰፈራችን አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። ባዕድ አይደለም። ሦስት ቤት አልፎ ያደገ ልጅ ነው። ሕፃን ሳለ ሳል ሲጥለው እናቱ አምጥታው፣ እናቴ ድስት ላይ ከድናዋለች።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ?»

«አልሃምዱሊላህ። ጠመንጃህን ደጅ አቁመህ ግባ፤ በሽተኛ አለ።»

ደጅ አላቆመውም፤ ይዞት ገብቶ ግን ግድግዳ አስደገፈው። ወንድሜ በሁለት ጋቢና በአንድ ቡልኮ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። ግንባሩን ዳሰሰና እጁን ቶሎ አነሣ።

«ይኼ እሳት ነው።»

«የእናት አገር ጥሪ ሰምቼ ነው የምንቀጠቀጠው፤ በወኔ» አለ ወንድሜ ጥርሱን እያጋጨ።

ጥበቃው ሊስቅ ብሎ ተወው። «እማማ፣ ስሙ ተይዟል። ትኩሳት ያለበትን አንወስድም፤ መንገድ ላይ ይሞትብናል። ካላበውና ከዳነ ግን እኔ ምን ልሁን? ኮታው ካልሞላ የጎደለው በኔ ይሞላል።»

ከሄደ በኋላ ለእናቴ ነገርኳት። «እማ፣ እንዳትነኪው። ትኩሳቱ እስካለ ልጅሽ የኛ ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አታፍዪለት ማለቴ ነዋ። ይህ አፈሳ እስኪያልፍ ድረስ ብቻ።»

«እሳት ሲበላው ቁጭ ብዬ ልየው? እናት አይደለሁም?»

«እናት ስለሆንሽ ነው።»

ወንድሜ ከቡልኮው ስር፣ «እናንተ ሴቶች፣ በኔ ላይ ስብሰባ ከጠራችሁ እኔም ድምፅ ልስጥ» አለ። ድምፁ ግን እንደ ሽማግሌ ድምፅ ሰልሎ ነበር።

እናቴ ታገሰች። እሷ መታገሷ ዛሬም ይደንቀኛል። ድስቷን አጥባ ደፍታ አስቀመጠች፤ ደርሳ ደርሳ ታየዋለች፣ ትመለሳለች። ትኩሳቱ ግን አልወርድ አለ። ወንድሜ መቃዠት ጀመረ። ጋራዥ ውስጥ ያለ መስሎት «ቁልፉን አቀብለኝ፣ ዘይቱ እየፈሰሰ ነው» ይላል። ውሃ ስንሰጠው ይተፋል። ዓይኑ ወደ ውስጥ ገባ፤ አፉ ዙሪያ ቆዳው ተሰነጠቀ።

አንድ ጠዋት ሽንኩርትና ጨው ልገዛ ሰኞ ገበያ ወረድኩ። ቶሎ ለመመለስ እየሮጥኩ ነው የገዛሁት። ስመለስ፣ ገና ከቤታችን ራቅ ብዬ ሳለሁ፣ አንዲት ጎረቤታችን እንጨት ተሸክማ መንገድ ላይ አገኘችኝ።

«እሰይ! እንኳን አላህ ማረላችሁ!» አለችኝ ፈገግ ብላ።

የያዝኩት ዘንቢል ከበደኝ። መልስ ሳልሰጣት ሮጥኩ። ከታጠፍኩ በኋላ አየሁት፤ ጋቢው አጥሩ ላይ ተሰጥቷል፣ ከርጥበቱ የተነሣ ወደ መሬት ተጎትቶ።

ቤት ስገባ ወንድሜ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ፀጉሩ ርሷል፣ ከአገጩ ላብ ይንጠፈጠፋል፣ ዓይኑ ግን ጥርት ብሎ እኔን ያያል። «እታለም፣ ራበኝ» አለ። ሲታመም ጀምሮ ምግብ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም ነበር። እናቴ የተፈላውን ቅጠል ስትደፋ እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር። ደስታዋን አይቼ ልቆጣት አቃተኝ።

«እማ፣ ጋቢውን አውርጂው።»

«ከቤት ካደረ ይመለስበታል።»

«ያ ልጅ ያየዋል!»

«አውቃለሁ።» ድስቱን አስቀመጠች። «አሁን አውርጄ ሌሊት በሽታው ቢመለስና ቢሞትብኝስ? ቢወስዱት እንኳ በሕይወት ነው የሚወስዱት። በሕይወት የሄደ ይመለሳል።»

እኔ ላወርደው ወጣሁ። እጄ ጋቢውን ሲነካ ጥበቃው ከወዲያ ማዶ ቆሞ ሲያየኝ ዓይን ለዓይን ተገናኘን። ጋቢው እጄ ላይ እንዳለ ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ ከአንድ ጓደኛው ጋር መጣ። አልጮኸም። እናቴ በር ላይ ቆማ፣ «ገና ድካም አለበት፤ ትንሽ ይክረም» አለችው።

«እማማ፣ ጋቢው ወጥቷል።»

«ቢወጣስ? እግሩ አልጠናም እያልኩህ።»

«ያላበው ድኗል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም? እኔን ራሴን ከእንፋሎት ያወጡኝ ጊዜ ለእናቴ ምን አሏት? ‹በቃ ውሰጂው፤ ጤነኛ ነው› አይደለም ያሏት?»

እናቴ ከበሩ ዞር አለች። ያን ሁሉ ዘመን ለሰፈሩ ስትናገር የኖረችውን ቃል እንዴት አድርጋ ትመልሰው? ወንድሜ ራሱ ተነሣ። ጫማውን ሲያስር እጁ ደካማ ነበር። ለጥበቃው፣ «ጠመንጃህን ስጠኝና አንተ ተኛ፤ አንተም ደክሞሃል» አለው። ልጁ ቀና ብሎ አላየውም። ሲሄዱ እናቴ «አብሽር፣ የኔ አባት! ጤናህን አግኝተሃል!» ብላ ከኋላ ጮኸችለት። ታምን ነበር፤ እኔም አምኜ ነበር።

ምልምሎቹ ኮምቦልቻ እንደሚሰበሰቡ ስንሰማ ስንቅ ይዘን ወረድን። አንድ ሜዳ በእሾህ ሽቦ ታጥሮ ውስጡ ወጣት ሞልቶበታል። ደጁ እናቶች ናቸው፤ ያንዱን ስም ከሌላው መለየት እስኪያቅት ይጣራሉ። ወንድሜን ፈልገን ያገኘነው ፀሐይ ላይ ተኮራምቶ ነው። ያ ሁሉ ሙቀት እያለ የሰው ኮት ደርቦ ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል።

«አልቦት ነበርኮ!» አለች እናቴ ወደኔ ዞራ። «አንቺም አይተሽዋል። አልቦት ነበር!»

ሽቦው ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት ሰምታን፣ «እናቴ፣ ይኼ ወባ ነው» አለች። «ከየት ነው የመጣችሁ?»

«ከደሴ።»

«አይ፣ እናንተ ደገኞች አታውቁትም። ወባ ያንቀጠቅጣል፣ ያነድዳል፣ ከዚያ ያልባል። ሲያልበው የዳነ ይመስላል፤ ይበላል፣ ይስቃል። ተመልሶ ይመጣል። ላቡ ማረፊያው ነው እንጂ መውጫው አይደለም። ክኒን ካልበላ አይለቀውም።»

እናቴ ነጠላዋን አጥብቃ ወደ በሩ ሄደች። እኔ መድኃኒት ቤት ሮጬ የወባ ክኒን ገዛሁ። ስመለስ ዘበኛውን እየለመነች ነበር፤ በሽቦው ማቀበል ክልክል ነው አለን፤ በመጨረሻ ሰልችቶት አንድ ባለማዕረግ ጠራ። ባለማዕረጉ ሌላ ሥራ ነበረው፤ ሰዓታት ቆይቶ መጣ። እሱ እስኪመጣ የወንድሜ መንቀጥቀጥ ቆሞ፣ ንዳዱም በርዶ፣ ላብ አጥምቆት ኮቱን አውልቆ ነበር። እኛን አይቶ እጁን አውለበለበ።

ባለማዕረጉ የወንድሜን አንገት ዳሰሰ። «የታለ ትኩሳቱ? ይኼ ላብ ነው። ወጥቶለታል።»

«አልወጣለትም ጌታዬ!» እናቴ ሽቦውን ጨበጠች። «ላብ መዳን አይደለም! ላብ ምንም አይደለም! ይመለስበታል፣ ወላሂ ይመለስበታል!»

እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ካደችው።

«እናት ሁሉ ልጄ ታሟል ይላል» አለ ሰውየው። ክኒኑን ለወንድሜ እንዲሰጥልን ላቀብለው እጄን ስዘረጋ፣ «ሐኪም አለን፤ ዞር በሉ» ብሎ ሄደ። ምልምሎቹን የጫኑት መኪኖች ሲነሡ ወንድሜ ከላይ ሆኖ «እማ፣ ደህና ነኝ! ተሽሎኛል!» ይል ነበር። እውነቱን ነበር፤ ያን ሰዓት ተሽሎታል።

ወሬው ጠፋ። እናቴም ሬሳ ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም አለች። ደርግ ሲወድቅ የተረፉት እየተንጠባጠቡ መጡ። አንድ እግሩን ያጣ ሰው ከወንድሜ ጋር በአንድ መኪና እንደተጫነ ሰምተን ቤቱ ሄድን። ጨዋ ሰው ነው፤ ቦታ ለቆ አስቀመጠን። መንገድ ላይ ብርድ ብርድ ሲለው እንዳለበሱት፣ ሲያልበው «በቃ ተሻለው» እያሉ እንደተደሰቱ፣ በመጨረሻ አንድ ከተማ ላይ ሁለት ወታደሮች ደግፈው እንዳወረዱት ነገረን። ከዚያ ወዲያ አላየውም። ሐኪም ቤት ይሁን ሌላ ቦታ የወሰዱት፣ አያውቅም።

እናቴ ጉልበቱን ያዘችው።

«ሲያወርዱት እየተንቀጠቀጠ ነበር ወይስ አልቦት ነበር?»

ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። «አላስታውስም፣ እናቴ። ብዙ ነበርን።»

«አስታውስ እስኪ፣ የኔ አባት» አለችው። «ልብሱ እርጥብ ነበር?»